መሬት ላይ የቀረ የሰው ቅርጽ፦ የአና ሜንዲኤታ ሥራና እኛ ያልሰበሰብነው ታሪክ

የታሪክ ትምህርት ስንጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረን ስለ ማስረጃ ነበር። ዜና መዋዕል፣ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የግብር ደብተር፣ የመንገደኛ ማስታወሻ፤ እነዚህ ሲጠፉ ደግሞ የአዛውንት ቃል። ወረቀት ያለው ይናገራል፤ ወረቀት የሌለው ወይ ይረሳል፣ ወይ ሌላ ሰው ይናገርለታል። በዚህ ትምህርት ተቀርጸን የወጣን ሰዎች፣ ሠሪው ራሱ «ይጥፋ» ብሎ የሠራው ነገር ሲገጥመን ግራ እንጋባለን። ማዕበል እንዲወስደው ባሕር ዳር የተቆፈረ፣ ነዶ አመድ እንዲሆን የታሰበ፣ በረዶው ሲቀልጥ አብሮ የሚሄድ ሥራ ታሪኩ እንዴት ይጻፋል?

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ይህን ጥያቄ ለዘንድሮው የዓመት መጽሐፋችን ይዤ የመጣሁት እንዲሁ ለመራቀቅ ብዬ አይደለም። መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር ስላለኝ ነው። ጥያቄዬ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ነገሩ ፐርፎርማንስ ስለሚባለው ጥበብ ነው። ሠዓሊው ሸራና ብሩሹን አስቀምጦ በገዛ አካሉ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ነው። ካሜራና ፊልም፣ ድምፅና አፈር ሲጨመርበት ደግሞ መልቲሚዲያ ይሉታል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ እንደ ሰደድ እሳት የተስፋፋ ነገር ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከብዙዎቹ አንዷን፣ አና ሜንዲኤታን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሥራዋ የተወለደው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ የሕይወቷ መስመር ሳናስበው ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚተላለፍበት ቦታ አለ።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ ተሳፋሪ

አና ሜንዲኤታ በኅዳር 1948 ሃቫና ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ ስም ያለው ነበር፤ ዘመዳቸው ካርሎስ ሜንዲኤታ በ1930ዎቹ አጋማሽ የኩባ ፕሬዚዳንት ነበር። አባቷ መጀመሪያ ከፊደል ካስትሮ አብዮት ጎን ቆመ፤ ቆይቶ ተቃዋሚ ሆነና ለእስር ተዳረገ። በዚያው ሰሞን ብዙ የኩባ ወላጆች ልጆቻቸውን ብቻቸውን ወደ አሜሪካ ይልኩ ነበር። ከ1960 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1962 ድረስ ከ14,000 የሚበልጡ ልጆች ያለ አባትና እናት አውሮፕላን ተሳፍረዋል። «ኦፐሬሽን ፔድሮ ፓን» ይባላል፤ ያስተባበሩት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የአሜሪካ መንግሥት ነበሩ።

አና በ1961 ከታላቅ እኅቷ ከራኬሊን ጋር ስትሄድ ዕድሜዋ 12 ነበር። ከሚያሚ ወደ አዮዋ ግዛት ተወሰዱ። ከሞቃት ደሴት የመጡ ሁለት ሕፃናት፣ በረዶ በሚጥልበት የበቆሎ አገር፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሲዘዋወሩ አደጉ። እናታቸውን እንደገና ያገኙት በ1966 ነው። አባታቸው ከእስር የተፈታው በ1979 ነው። የልጅነት ሂሳቡን እናንተው ሥሩት።

እሷ በኋላ ስለ ሥራዋ ስትናገር፣ ከትውልድ አገሯ ተነቅላ መውጣቷ የሁሉም መነሻ እንደሆነ ደጋግማ ገልጻለች። እኛ «እትብቱ የተቀበረበት» የምንለውን ነገር እሷ በሌላ ቋንቋ ስትፈልገው ነው የኖረችው። እትብቷ የተቀበረበት መሬት በተዘጋባት ጊዜ፣ ያገኘችው መሬት ላይ ሁሉ አካሏን ማስቀመጥ ጀመረች።

አንድ ክፍል፣ አንድ ካሜራ

አና የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነች። በ1972 በሥዕል የማስተርስ ዲግሪዋን ጨረሰች፤ ሥዕል ግን አልበቃትም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ብሬደር የተባለ ከጀርመን የመጣ ሠዓሊ በ1968 ኢንተርሚዲያ የሚባል የትምህርት ፕሮግራም ከፍቶ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥዕሉ ከቴአትሩ፣ ቴአትሩ ከሙዚቃው፣ ሙዚቃው ከፊልሙ የሚለይበትን አጥር አፍርሶ፣ ተማሪው በመካከላቸው ባለው ክፍት ቦታ ላይ እንዲሠራ ማድረግ። ዛሬ ቀላል ይመስላል እንጂ በጊዜው በአሜሪካም ቢሆን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማይሞክሩት ነገር ነበር።

ብሬደር ተማሪዎቹን ክፍል ውስጥ አልቆለፈባቸውም። በየጊዜው እንግዳ ጠቢባን ይጋብዛል፤ ቪቶ አኮንቺና አለን ካፕሮው ከመጡት መካከል ናቸው። የቴአትር አዘጋጁ ሮበርት ዊልሰን በ1970 ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው እዚያው አዮዋ ሲቲ ነው። በበጋ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ሜክሲኮ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካሜራ ነበረ። ሱፐር 8 የሚባለው፣ በእጅ የሚያዝ፣ አንዱ ጥቅል ፊልም ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚቀርጽ ርካሽ ካሜራ። አና በ1977 ሁለተኛውን የማስተርስ ዲግሪዋን ከዚሁ ፕሮግራም ተቀበለች።

የመምህራን ባልደረቦቼ ይህን ክፍል ልብ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህች ልጅ የሰጣት ሦስት ነገር ነው፤ ለመሞከር ፈቃድ፣ የሚያያት ሰው፣ የሚመዘግብ መሣሪያ። ታላቅ ሕንፃ አልሠራላትም።

መጋቢት 1973

በመጋቢት 1973 አንዲት የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ጥቃት ደርሶባት ተገደለች። ግቢው በድንጋጤ ተዋጠ። ጋዜጣው ይጽፋል፣ ሰው ይንሾካሾካል፣ ከዚያ እንደማንኛውም ነገር ወደ መርሳት ይኬዳል። አና አልቻለችም።

በማግስቱ ወር የክፍል ጓደኞቿን ወደ መኖሪያዋ ጠራች። ሲመጡ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቃቸው። ገብተው ያዩት ራሷን ነው፤ በጋዜጣ የተዘገበውን የወንጀሉን ሁኔታ በገዛ አካሏ አሳይታ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ፣ እጇ ታስሮ፣ በደም ተለውሳ። አልተናገረችም፣ አልተንቀሳቀሰችም። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቆይተው ተቀመጡና ስለ ሆነው ነገር መነጋገር ጀመሩ። እሷ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ እንቅስቃሴ ቆየች።

በዚያው ዓመት ሌላም ሥራ ሠራች። ከአንድ ሕንፃ በር ሥር፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ደም አፈሰሰችና ራቅ ብላ አላፊ አግዳሚውን ቀረጸች። ሰው ያያል፣ ያልፋል። አንዷ በጃንጥላዋ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። የማንም ደም ሊሆን ይችል ነበር። ማንም በሩን አያንኳኳም። በመጨረሻ አንድ ሰው ከውስጥ ወጥቶ ይጠርገዋል።

እነዚህን ሥራዎች ክፍል ውስጥ ሳነሣ ሁልጊዜ የሚገጥመኝ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ይኼ ጥበብ ነው ወይስ ማስደንገጥ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ለተማሪ አንዲት መልስ ሰጥቼ አላሰናብትም። እንደ ታሪክ ሰው ግን የምለው አለኝ። ስለዚያ ግድያ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ ይኖራል። መዝገቡ ሟቿ ማን እንደሆነች፣ ተከሳሹ ማን እንደሆነ ይነግረናል። ሰው አጠገቡ ደም ፈሶ ሲያይ እንዴት አልፎ እንደሚሄድ ግን አይነግረንም። እሱን የምታሳየን ያቺ የጥቂት ደቂቃ ፊልም ናት። እንግዲህ ማስረጃ ማለት ይኼ ካልሆነ ምን ይሆናል?

ሲሉዌታ

በ1973 በጋ አና ሜክሲኮ፣ ኦዋሃካ ግዛት ውስጥ ያጉል በሚባል የጥንት የሳፖቴኮች ፍርስራሽ ወረደች። ከተከፈተ የድንጋይ መቃብር ውስጥ ራቁቷን ተጋደመችና ሰውነቷ በነጭ አበባ ተሸፈነ። በፎቶው ላይ አበባው ከሰውነቷ የበቀለ ይመስላል፤ ሞትና ልምላሜ በአንድ አልጋ። «ሲሉዌታ» የሚባለው ተከታታይ ሥራዋ የተጀመረው በዚያ ነው። ቃሉ የአካል ጥላ፣ የሰውነት ዙሪያ መስመር ማለት ነው። እስከ 1980 ድረስ በአዮዋና በሜክሲኮ ከአንድ መቶ በላይ ሠርታለች።

መጀመሪያ ራሷ ትተኛለች። በ1976 በአዮዋ በአንድ ወንዝ ዳር ሰውነቷን በጭቃ ለውሳ ከትልቅ ዛፍ ግንድ ጋር ተጣብቃ ቆመች፤ የትኛው ቅርፊት፣ የትኛው ቆዳ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ቀስ በቀስ ግን አካሉ ከሥራው ወጣና ቅርጹ ብቻ ቀረ። ቁመቷን የሚያህል ቅርጽ በሣር፣ በአበባ፣ በድንጋይ፣ በበረዶ። የባሩድ መስመር አስምራ ታቀጣጥላለች፤ ሲጠፋ መሬቱ ላይ ጥቁር የሴት ቅርጽ ይቀራል። በ1976 በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ቅርጹን ቆፍራ ቀይ ቀለም ሞላችበት፤ ማዕበሉ እየመጣ፣ እያጠበ፣ ወሰደው። በዚያው ዓመት ኦዋሃካ ውስጥ የርችት ሠሪ ባለሙያ በቀርከሃ የሰው ቅርጽ አሠርታ ማታ ለኩሳ አነደደችው።

እኛ ይህን ስናይ ብዙም እንግዳ አይሆንብንም። በአገራችን የቀድሞ ልቅሶ፣ ሟች ሩቅ አገር ወድቆ ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ ልብሱና ጋሻው ይወጣል፣ ፈረሱ ተጭኖ ባዶውን ይመራል፤ አልቃሹ ለሌለው አካል ያለቅሳል። የሌለውን ሰው በቅርጹ መጥራት ማለት ይኼው ነው። እናቶቻችን በግንባራቸውና በአንገታቸው የያዙት ንቅሳትም በቆዳ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ ባለቤቷ ስታልፍ አብሮ ይቀበራል። አድባር ዛፍ ሥር የሚፈሰው ቡና፣ የሚቀባው ቅቤ ለመቆየት የታሰበ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንዲደረግ እንጂ። አና ሜንዲኤታ ከእኛ አልተማረችም፤ የእሷ ምንጮች የኩባ ሳንቴሪያ፣ የታይኖ ሕዝብ አፈ ታሪክና የሜክሲኮ ጥንታዊ ባህል ናቸው። ግን ሰው ከመሬቱና ከሙታኑ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ በየአገሩ እንደሚቀራረብ ያሳያል።

የኩባ ልጆችና የእኛ ልጆች

አሁን መስመሮቹ ወደሚተላለፉበት ቦታ ደረስን። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ተሰልፈው ከሶማሊያ ጦር ጋር እንደተዋጉ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀጥሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት፣ ብዙዎቹም አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የወደቁባቸው፣ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ያደጉትና የተማሩት «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው ቦታ ነው። ከመካከላቸው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ሆነው የተመለሱትን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን፤ በስፓኒሽ ሲጨዋወቱ ሰምተናል።

አና ሜንዲኤታ ከ19 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኩባ የተመለሰችው በ1980 ነው። እንግዲህ እሷ በልጅነቷ ከተነቀለችበት አገር ስትደርስ፣ የእኛ ልጆች በልጅነታቸው ከአገራቸው ርቀው እዚያው ደሴት ላይ ያድጉ ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ፖለቲካውም ተቃራኒ ነው። እነዚያን ከአብዮቱ አሸሿቸው፤ እነዚህን አብዮቱ ተቀበላቸው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በማያውቀው አልጋ ላይ ሌሊት የሚያስበው ግን ብዙ የሚለያይ አይመስለኝም።

በ1981 አና ከሃቫና ወጣ ብሎ በሚገኘው የሃሩኮ ኮረብታ ዋሻዎች ውስጥ፣ በለስላሳው የኖራ ድንጋይ ላይ የሴት ቅርጾችን ፈልፍላ ቀረጸች። በታይኖ ሕዝብ አማልክት ስም ሰየመቻቸው። ሰው እንደልቡ የማይደርስበት ቦታ ነው፤ ዝናብና ነፋስ እንዲበላቸው ትታቸው ሄደች።

የእኛን የዚያን ዘመን መታሰቢያ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። የትግላችን ሐውልት በ1984 ተመርቆ፣ የወደቁት የኩባ ወታደሮች ምስል ሳይቀር በላዩ ሰፍሯል። ሐውልቱ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ እንዲቆይ ነው የተሠራው። ግን የቆመ ሁሉ ይታወሳል ማለት አይደለም። በየቀኑ በሥሩ የሚያልፈው ሰው ስንቱ ቀና ብሎ ያነባል? አና ሜንዲኤታ የሠራቻቸው ቅርጾች አብዛኞቹ ከቀናትና ከሳምንታት በላይ አልቆዩም፤ ዛሬ ግን በዓለም ዙሪያ ይጠናሉ። ልዩነቱ ከምን መጣ?

ማን አቆየው?

በ1978 አና ወደ ኒው ዮርክ ሄደች፤ ሴቶች ሠዓሊዎች በጋራ በሚያስተዳድሩት ኤ.አይ.አር. ጋለሪ ሥራዋን አሳየች። በ1983 የሮም ሽልማትን አገኘች። በመስከረም 8 ቀን 1985 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ34ኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች፤ ዕድሜዋ 36 ነበር። ባለቤቷ፣ ቀራፂው ካርል አንድሬ፣ በግድያ ተከሶ በ1988 ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው። በጥበብ ዓለም ውስጥ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ወደዚያ ክርክር አልገባም፤ ብዙ ጊዜ አሟሟቷ ሥራዋን ሲሸፍነው ስላየሁ ነው።

ከሞቷ በኋላ የቀረው ስላይድ፣ ኔጋቲቭ፣ የማስታወሻ ደብተርና የሱፐር 8 ጥቅሎች ነበሩ። ቤተሰቧ ጠበቃቸው። በ1987 ኒው ዮርክ የሚገኘው ኒው ሙዚየም ሥራዋን ሰብስቦ አሳየ። ቆይቶም ፊልሞቿ አንድ በአንድ ተቆጥረው፣ ተጠርገው፣ ወደ ዲጂታል ተገልብጠው 104 ሆነው ተገኙ። በ2015 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጋለሪ በፊልሞቿ ላይ ብቻ ያተኮረ ትልቅ ዐውደ ርእይ ከፈተ። ልብ በሉ፤ ሥራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተወለደ፣ ከ40 ዓመት በኋላ በሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተነሣ።

ለጥያቄዬ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ሥራው እንዲጠፋ ተፈቀደለት፤ ምስክርነቱ ግን እንዲጠፋ አልተፈቀደም። አና ራሷ ይህን አውቃ ነው የሠራችው፤ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ካሜራው ተተክሏል። ካሜራውን የያዘ ጓደኛ ወይም መምህር ነበረ፤ ሳጥኑን ያልጣለች እኅት ነበረች፤ ፊልሙን ለማደስ በጀት የመደቡ ሰዎች ነበሩ።

ወደ ግቢያችን

በአገራችንም ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም። በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጠቃለለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ብቻ አላፈራም። ብርሃኑ አሻግሬ በቪዲዮና በፐርፎርማንስ ስለምትለዋወጠው ከተማ ሠርቷል። ሮቤል ተመስገን «አድባር» ብሎ በሰየመው ተከታታይ ሥራው ሰው ከዛፍና ከቦታ መንፈስ ጋር ያለውን ዝምድና ጠይቋል። ሌሎችም አሉ፤ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ብዙዎች።

የእኔ ጭንቀት ስለ እነዚያ ያልተጻፉት ነው። በተማሪነታችን ዘመን በየግቢው ስንት ነገር አይተናል! በባህል ማዕከል መድረክ ላይ ለአንድ ምሽት ብቻ የታየ፣ በሻማ ብርሃን በሣር ሜዳው ላይ የተደረገ፣ ለሞተ ተማሪ መታሰቢያ ተብሎ በጫማና በደብተር የተሠራ። እኔ ያየሁትን ብቻ ብናገር፣ አንድ ተመራቂ ተማሪ ከፈረሰ ሰፈሩ ያመጣውን አፈርና በር በክፍሉ ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ቀኑን ሙሉ የጎረቤቶቹን ስም እየጠራ ሲዞር አይቻለሁ። ፈታኞቹ ነጥብ ሰጡት፣ ወለሉ ተጠረገ፣ በሩም ተጣለ። ዛሬ ያ ሰፈር የለም፤ ያ ሥራም የለም። በመዝገብ ላይ ያለው ውጤቱ ብቻ ነው። ለአንድ የከተማ ታሪክ አጥኚ የዚያ ቀን የሦስት ደቂቃ ፊልም ስንት ያወጣ ነበር!

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይኼንን ነው። ለዚህ መገናኘት ስትመጡ ቁምሳጥን ላይ ያስቀመጣችሁትን የካርቶን ሳጥን አውርዱ። ፎቶ፣ ኔጋቲቭ፣ የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት፣ የዝግጅት መርሐ ግብር፣ የጥሪ ወረቀት፣ በአሮጌ ስልክ ውስጥ የቀረ ቪዲዮ፣ ያላችሁን ሁሉ አምጡ። ጥራቱ አያሳፍራችሁ፤ የደበዘዘ ፎቶ ከሌለ ፎቶ ይሻላል። ከጀርባው በእርሳስ አራት ነገር ጻፉበት፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች፣ እና ካሜራውን ማን እንደያዘ። ይህ አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ነገሩን በዓይኑ ያየው ምስክር እሱ ነው። ካላችሁት መካከል ሰውን የሚያሳፍር ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ካለ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ባልደረቦቼ መምህራንም የድርሻችን አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ሳይገባ ተማሪ አናስመርቅም። በአካሉ፣ በድምፁ፣ በአፈር የሠራ ተማሪም እንዲሁ የሥራው ቀረጻና የአንድ ገጽ ማብራሪያ ሳያስገባ እንዳይሸኝ እናድርግ። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ ካሜራ፣ አንድ ማስቀመጫ፣ አንድ ኃላፊ ሰው ይበቃል። የትምህርት ክፍሌ ለመጀመር ፈቃደኛ ነው፤ በመገናኘታችን ዕለት በምዝገባ ጠረጴዛው አጠገብ ሳጥንና ስካነር ይዘን እንጠብቃችኋለን።